ስለ ፊት ሹካው ዘይት ለጠየቅሽኝ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን
ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለሽውታ፣

ይህ ደብዳቤ ምሳሽን በልተሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ሐሳብሽ ባረፈበት ሰዓት ይድረስልሽ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል። ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩም ደህና ነው። እሱ ራሱ አንዲት ጸጉር ሳትቀረው የሰው ጸጉር ሲያስተካክል ይውላል። ሰላም በልልኝ ብሎሻል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሞላው። የጠየቅሽኝ ነገር ቀላል ነው። ከሥራ ባልደረባሽ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት መግዛትሽን፣ የፊት ሹካው ሲጫኑት እየጮኸ እንደሚነክስ፣ ሲለቁትም ቶሎ እንደማይመለስ ጽፈሽ፣ «አባዬ፣ ምን ዘይት ላድርግበት? በዘይት ነገር ካንተ በላይ የሚያውቅ አላውቅም» ትያለሽ። አልዋሽሽም፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ልጄ ብስክሌት ላይ ወጣች ብዬ ቁጭ ብድግ አልኩ። ቀጥሎ ያለውን መስመር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። «አትስጋ፣ ቁልቁለት አልወርድም። እሑድ እሑድ ጓደኞቼ ኮረብታው ላይ ሲወጡ እኔ ከታች ቦርሳቸውን እየጠበቅሁ እቆያለሁ። እጄን ታውቀዋለህ፣ ፍሬን ላይ ይዘገያል።»

ደብዳቤውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አምስት ሳምንት ያቆየኝ ይህ መስመር ነው።

የዘይቱን መልስ ስሰጥሽ ስለ እጅሽም የምነግርሽ ነገር አለኝ። ግን አሁን ብጀምረው ስለ ዘይቱ የምለው ሁሉ ይበላሻል። በዘይት ደግሞ ሁለተኛ መሳሳት አልፈልግም። ስለዚህ ዘይቱን ላስቀድም። አንቺ ግን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ደብዳቤውን ከእጅሽ እንዳታስቀምጪው።

ስለ ብስክሌት ዘይት እዚህ ግባ የሚባል እውቀት እንደሌለኝ የተረዳሁት ፒንሳ ዘንድ ሄጄ ነው። ፒንሳ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣች ብስክሌት ጠጋኝ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ እንደ ኮሪደር የጠበበች ሱቅ አላት። ጎማው ሁሉ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ሰዉ ፒንሳ የሚላት የያዘችውን ስለማትለቅ ነው፤ ብሎንም ይሁን ክርክር። ዕድሜዋ ካንቺ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው።

በአንድ እጄ ደብዳቤሽን፣ በሌላው ያቺን ከአልጋዬ ሥር የማትጠፋውን የሚረጭ ዝገት መፍቻ ቆርቆሮ ይዤ ገባሁ። የልጄን ችግር ነገርኳትና፣ ይህን ባስደርጋትስ ብዬ ጠየቅኋት። ቆርቆሮውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ ተቀብላ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ለበር ማጠፊያ ነው። ሹካ አጠገብ እንዳያደርሱብኝ።»

ታውቂኛለሽ፣ ደሜ ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሽመና ፋብሪካ ዘይት አጠጪ ነበርኩ፣ በእኔ ፈረቃ አንድም ማሽን ደርቆ ነክሶ አያውቅም አልኳት። ቀና እንኳ ሳትል፣ «የሽመና ማሽን ቁልቁለት ይወርዳል እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበርና ሳቁብኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከዚያ ግን በርጩማ ሰጥታኝ አንድ አሮጌ ሹካ ፊት ለፊቴ ፈታችው። እንደገባኝ ልንገርሽ። ሹካው ሁለት እግር አለው። ከላይ ያሉት ቀጫጭን የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች፣ ታች ባሉት ወፋፍራም ቱቦዎች ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ። በወፋፍራሞቹ አፍ ላይ ፓራዮሊ አለ፤ አቧራ እንዳይገባ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። ከሥሩ ዘይት ጠጥቶ የሚቆይ የስፖንጅ ቀለበት አለ። በአንደኛው እግር ውስጥ ሞላ ወይም አየር ነው ያለው። በሌላው እግር ውስጥ ደግሞ ለብቻው የተዘጋ ዘይት አለ፤ ሹካው ሲወርድም ሲመለስም እንዳይደነብር የሚያረጋጋው እሱ ነው። የዚያ ዘይት ውፍረት በቁጥር ይነገራል፣ ቁጥሩን የሚያውቀውም ሠሪው ብቻ ነው። ቀጭን ካደረጉበት ሹካው እንደ ጥጃ ይዘላል፤ ወፍራም ካደረጉበት ደግሞ አልነሣም ይላል። እሱን እግር አንቺ እንዳትከፍቺው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጪው። የብስክሌቱ መመሪያ ደብተር ከሌለሽ ሹካው ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ለጠጋኝሽ አሳዪው።

አንቺ ልትነኪው የምትችዪው ቀለበቶቹን ነው። ለጎማው ቀለበት ለሹካ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ግሪስ ወይም ንጹሕ የሲሊኮን ግሪስ፣ ያውም ጥፍርሽ ላይ የምትቀር ያህል። ለስፖንጁ ሠሪው ያዘዘው ዘይት፣ በታዘዘው ልክ። እኔ ማሽን ሲጮህብኝ ጨምሬ አጠጣ ነበር። እዚህ ግን ጨመር ያደረግሽው ሁሉ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ደግሞ ያንን የሚያብረቀርቅ ቱቦ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ፒንሳ እንደምትለው፣ ጋልበሽ ስትመለሺ እግሮቹን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ ከቅባቱ ሁሉ ይበልጣል። ዝገት መፍቻውማ ለአንድ ቀን ያለሰልስና ከቀለበቱ ጀርባ ያለውን ግሪስ አጥቦ ያወርደዋል፤ በማግስቱ ብረቱ ደርቆ ታገኚዋለሽ።

አባትሽ ነኝና አላመንኳትም። ፋብሪካ ሳለን አዲስ ዘይት በመጣ ቁጥር ከማሽን የወጣ አሮጌ ጎሚኒ፣ ያው የጎማ ቀለበት፣ ቆርጠን ብርጭቆ ውስጥ እንነክረው ነበር። ጎሚኒው ካበጠ ዘይቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። አለቃ ቢቆጣ፣ ሥራ አስኪያጅ ቢጮህ፣ ያለዚያ ፈተና አንዲት ጠብታ ማሽን ላይ አትወርድም ነበር። ስለዚህ ከፒንሳ ስድስት ያገለገሉ ቀለበቶች ለምኜ፣ እናትሽ ያስቀመጠቻቸውን ባለ ክዳን ብርጭቆዎች አውጥቼ፣ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱን ቀለበት ከመንከሬ በፊት ወረቀት ላይ አጋድሜ ዙሪያውን በተቀረጸ እርሳስ አሰመርኩት። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ የሞተር ዘይት፣ አንዱ ውስጥ የምግብ ዘይት፣ አንዱ ውስጥ ከፋብሪካው የቀረኝ ጥቁር ግሪስ፣ አንዱ ውስጥ ዝገት መፍቻው፣ አንዱ ውስጥ ፒንሳ የሰጠችኝ የሲሊኮን ግሪስ። ስድስተኛው ጸጉር አስተካካዩ የለገሰኝ የመቁረጫ ማሽኑ ዘይት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ መመላለስ አበዛ። በየቀኑ እየመጣ ክዳን ከፍቶ ያሸታል፣ ያንን መላጣውን በመዳፉ እያሻሸ፣ «ከነዚህ ውስጥ ጸጉር የሚያበቅል ከተገኘ መጀመሪያ ለእኔ ነው፤ ድርሻ አለኝ» ይለኛል።

ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ በየመስመራቸው ላይ መልሼ አጋደምኳቸው። ዝገት መፍቻው ውስጥ የነበረው አብጦ ከመስመሩ ወጥቷል፣ በጣት ሲጫኑትም እንደ በሰለ ፍሬ ይሰረጉዳል። የጥቁሩ ግሪስም አብጧል። የምግብ ዘይቱ እንደ ሙጫ ተጣብቆ በጥፍር ነው የተላቀቀው። የሞተር ዘይቱና የመቁረጫው ዘይት ቀለበቶች ከመስመራቸው ትንሽ ትንሽ ወጣ ብለዋል። የሲሊኮኑ ቀለበት ግን እንደ ተሰመረለት መስመሩ ላይ ቁጭ አለ። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ፣ ዙሪያውን በጣትሽ ተከትለሽ እዪው።

ለፒንሳም ሌላ ቅጂ ይዤላት ሄድኩ። ደስ ብሏት ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። ቢሆንም ሕግ እንዳላደርገው አስጠነቀቀችኝ፤ ጎማ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ የልጅዎ ሹካ ቀለበት ከምን እንደተሠራ የሚያውቀው ሠሪው ነው፣ መጀመሪያ መመሪያውን ታንብብ አለች። እኔም ይህንኑ እልሻለሁ።

ስለ ዘይቱ ያለኝ ይህ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ፒንሳ ወረቀቱን እየለጠፈች፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ፣ አንድ ነገር ጨመረች። የቀለበቱስ ማበጥ ቀላል ነው፣ ቢበዛ ሹካው ያንጠባጥባል። የሚያስፈራው የሚረጭ ነገር ነው። ብናኙ ሹካው ላይ ብቻ አይቀርም፣ አጠገቡ ባለው የፍሬን ዲስክ ላይም ያርፋል። ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ያንን ዘይት ይጠጣዋል። ሰውዬው ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ጨምቆ ይይዛል፣ ብስክሌቱ ግን እንዳልያዙት ሁሉ ይሄዳል። ይህን ስትነግረኝ እንደማያውቅ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔ ይህን ከሰባት ዓመት በፊት ነው ያወቅሁት። ቆርቆሮዋን ይዤ የሄድኩትም ይህንኑ ከሌላ ሰው አፍ ልሰማው ፈልጌ ሳይሆን አይቀርም።

የመጨረሻው የቁልቁለት ውድድርሽ ዕለት ጠዋት አንቺ ገና አልተነሣሽም ነበር። እናትሽ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። እሷ ብትኖር ጸጉርሽን ጎንጉና፣ ግንባርሽን ስማ ትልክሽ ነበር። እኔ እንደዚያ ማድረግ አላውቅበትም። ጸሎቴን አድርሼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ብስክሌትሽ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በዋዜማው ሹካው ሲጮህ ሰምቼው ነበር። ቆርቆሮዬን አምጥቼ ሁለቱንም እግሮች ከላይ እስከ ታች ረጨኋቸው። ደጋግሜ ተጫንኩት፣ ድምፁ ጠፋ። ደስ አለኝ። ለአንቺም አልነገርኩሽም፤ ስትቀመጪበት ራስሽ እንድታውቂው ፈልጌ ነው። እወድሻለሁ የምልበት ሌላ አፍ አልነበረኝም። ዲስኩ ከሹካው እግር የጣት ያህል እንኳ አይርቅም። እያየሁት ነው የረጨሁት። በፋብሪካው ጎሚኒ ሳልነክር አንዲት ጠብታ የማላወርደው ሰውዬ፣ የገዛ ልጄ በምትቀመጥበት ነገር ላይ አንዴ እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ወደቅሽ።

ሐኪም ቤት፣ ክንድሽ በጀሶ ታስሮ፣ ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ ያልሽኝ፣ «አባዬ፣ ፍሬኑን ይዤው ነበር እኮ» ነው። አርፈሽ ተኚ አልኩሽ። አሰልጣኙ የቡድኑን ልጆች ይዞ ሊጠይቅሽ ሲመጣም እንደዚያው አልሽው። እሱ ግን ከታች ሆኜ አይቼሻለሁ፣ ዘግይተሽ ነው የያዝሽው አለሽ። ሾርባ በማንኪያ እየሰጠሁሽ ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ አልሽኝ። «ይዤዋለሁ። እሱ ነው ያልያዘው።» እንዲህ ነበር ያልሽኝ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

በማግስቱ ብስክሌቱ በአሰልጣኙ መኪና ተጭኖ ቤት መጣ። ዲስኩን በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ ተንሸራተተ። አሸተትኩት። ያንን ሽታ ከሰው ሁሉ በላይ አውቀዋለሁ። እዚያው ጓሮ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። መርጨቱስ አለማወቅ ነው ልበል። ከዚያ ተነሥቼ ያደረግሁትን ግን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ዲስኩን በአልኮል ወለወልኩት። ዘይት የጠጣውን ሸራ አውልቄ አዲስ አስገባሁ። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ የቤታችን ቅርጫት ውስጥ እንዳይገኝ፣ ዋናው መንገድ ድረስ ሄጄ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት።

ከሐኪም ቤት ስትወጪ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርጂ፣ «ፍሬኑን አየኸው?» አልሽኝ።

«አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» አልኩሽ።

ደህና ነበር። ደህና ያደረግሁት እኔ ነኛ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ይዤው ነበር ብለሽ አታውቂም። ወር ሳይሞላ ጸጉር አስተካካዩ ደጅ ቆመሽ ስታወሪ ሰማሁሽ፣ «ዘግይቼ ነው፣ ፈሪ እጅ ነው ያለኝ» ስትዪ። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ወጥቼ፣ እውነት አይደለም፣ እጅሽ አልፈራም ማለት ነበረብኝ። ልብሱን አስጥቼ ጨርሼ ወደ ቤት ገባሁ። አጥንትሽን ሐኪም ጠገነው፣ ቀጥ ብሎም ገጠመ። የገዛ እጅሽን እንዳታምኚ ያደረግሁሽ ግን እኔ ነኝ። ቡድኑን ስትተዪ ዝም አልኩ። ብስክሌቱን ለሰው ስትሰጪ ዝም አልኩ። ሻንጣሽን ስትጭኚም ዝም ብዬ ሻንጣ አቀበልኩሽ።

ለምን እንደሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እናትሽን ካጣሁ በኋላ አንቺንም እንዳላጣ ፈርቼ ነው እላለሁ። ይህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ ኩራት ነው። ጡረታ ስወጣ ፋብሪካው የሰጠኝን የምስክር ወረቀት ታስታውሺዋለሽ፤ ምግብ ከምንበላበት ጠረጴዛ በላይ ሰቅዬው ነበር። በየቀኑ ከሥሩ ቁጭ ብለሽ በተሰበረው ክንድሽ ለመጉረስ ስትታገዪ፣ እኔ ወረቀቱን እያየሁ ነበር የማመነታው። ያንን ያህል ዓመት አንድም ማሽን ያልነከሰብኝ ሰው ልጁን ጣላት መባልን አልቻልኩትም። ካንቺ እጅና ከእኔ ስም የቱ ይውደቅ ሲባል፣ የአንቺን እጅ ጣልኩት። አሁን ወረቀቱን አውርጄዋለሁ። ግድግዳው ላይ ነጭ ምልክት ቀርቷል፣ ቀለም ስቀባ ይጠፋል።

ጸሎት ደግሞ አላቋረጥኩም። የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ጠዋት ጠዋት ይቅር በለኝ እለዋለሁ፣ አንዳንዴም እንባ ይመጣኛል፣ ቀለል ብሎኝም እነሣለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለሚያውቀው እየደጋገምኩ ስነግረው፣ ለማታውቂው ለአንቺ አንድ ቀን አልነገርኩሽም።

ያን ዕለት ፒንሳ ሱቅ በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። ለምን ለእሷ እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ዕድሜዋ ካንቺ ስለሚቀርብ ነው። ጎማ እያሽከረከረች ቀጥ ያለ መሆኑን ስታይ ነበር፣ እጇን አላቆመችም። ስጨርስ ጎማውን ያዘችው።

«ስለዚህ ልጅዎ ይዛ ነበር ማለት ነዋ» አለች።

አዎ አልኳት።

«እና እሷ ይኼን አታውቅም?»

አታውቅም አልኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። እሷ ግን «እኔ ምን አደርግልዎታለሁ ታዲያ፣ ጋሼ? መጻፊያ ወረቀት የለዎትም?» ብላ ወደ ጎማዋ ተመለሰች። በሰዓቱ ቅር አለኝ። ቤቴ እስክደርስ ግን ልክ መሆኗ ገብቶኝ ነበር።

ወረቀት ከማንሣቴ በፊት አንድ ሌላ ሰው ጋ መሄድ ነበረብኝ። አሰልጣኙ አሁን ሸምግሏል፤ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ሣር ውኃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ስነግረው ቱቦው በእጁ እንዳለ ውኃው ጫማው ላይ ሲፈስ አላወቀውም። ከዚያ ውኃውን ዘጋና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። «በልጆቹ ሁሉ ፊት ነው የተናገርኳት» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝን ግን አላውቅም ነበር፣ አንቺም የምታውቂ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ለአዳዲሶቹ ልጆች ፍሬን አያያዝ ሲያስተምር፣ የእሷን ጣት ተመልከቱ እያለ አንቺን ነበር የሚያሳያቸው። ያን ያህል የተቆጣብሽ ለዚያ ነው፤ ካንቺ አልጠበቀውም። አድራሻሽን ጠይቆኛል፣ ሳልጠይቅሽ አልሰጥም ብዬዋለሁ። ስጠው ካልሽ እሰጠዋለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን መልሻለሁ፣ ያልጠየቅሽኝንም ነግሬሻለሁ። ሹካውን ለሚያውቅ ሰው አስፈትሺ። የገዛሽው ያገለገለ ብስክሌት ነው፤ የቀድሞ ባለቤቱ በምን እንዳጠጣው አታውቂምና ቀለበቶቹን አስቀይሪ። ዲስኩንና ሸራውንም በዚያው ያዩልሽ። ሸራው ዘይት ነክቶት ከሆነ በመጥረግ አትሸንግዪው፣ አውጥተሽ ጣዪው። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በእግር መንገድ ፍጥነት፣ መጀመሪያ የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን ፍሬን ሞክሪ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። እጅሽ ሲይዝ፣ ብስክሌቱ ሲቆም ታዪዋለሽ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ደግ ልጅ ነሽ፤ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ስልክ አንሥተሽ «ምንም አይደል፣ አባዬ» ልትዪኝ ነው። አውቅሻለሁ። እባክሽ አትቸኩዪ። ቅር ከተሰኘሽ ተሰኚ። ብትቆጪኝም ድምፅሽን መስማት ነውና እሰማሻለሁ። ዝም ማለት ካሻሽም መብትሽ ነው፤ ዝምታን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ግን ለእኔ መልስ ከመፈለግሽ በፊት፣ ብስክሌቱ ተፈትሾ ሲያልቅ፣ ቀጥሎ ባለው እሑድ ቦርሳውን ሌላ ሰው ይጠብቅና ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ላይ ውጪ። ስትወርጂ ቀስ እያልሽ፣ ጥምዙ ሳይደርስ እየያዝሽ ውረጂ። ታች ደርሰሽ እግርሽ መሬት ሲነካ፣ ያን ጊዜ ለአባትሽ ምን እንደምትዪ ታውቂዋለሽ። የምትዪውን ሁሉ እቀበላለሁ።

መንገድሽን የሚያይ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ድንጋዩን ያለስልስልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ ሁለቱንም እጆችሽን ይባርክልሽ። በሰው አገር የሚወዱሽን ሰዎች አያሳጣሽ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቤት አልወጣም።

አባትሽ